የሐዋሳ ሐይቅ የማለዳ የወፍ ምልከታ ጉዞ በክረምት እንዴት ነው?

በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ከአስጎብኚ ጋር የሚደረገው የማለዳ የወፍ ምልከታ ጉዞ ገበያው የሚደራው በበጋ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ወራት ትልልቅ ካሜራ ያነገቱ የውጭ አገር ጎብኚዎች ይመጣሉ፣ ፍቅር ሐይቅ በተባለው የሐይቁ ዳርቻ መዝናኛ በኩል ያለው የእግር መንገድም ከንጋት ጀምሮ ሰው አያጣም። ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ግን አስጎብኚዎቹ ራሳቸው ሥራው እንዳለቀ ስለሚቆጥሩት፣ ስልክ ሲደወልላቸው መጀመሪያ የሚሰጡት መልስ «አሁን እኮ ክረምት ነው» የሚል ነው። ይህን ግምገማ የምጽፈው በዚሁ በክረምት ስለሚሰጠው አገልግሎት ነው። አስተያየቴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ወፎችን ረጋ ብሎ ማየት ለሚፈልግ ሰው የክረምቱ ጉዞ ከበጋው ቢሻል እንጂ አያንስም፤ የአስጎብኚውም ችሎታ የሚያስመሰግን ነው፤ ለእንግዳ የሚያውሱት ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) እና የዋጋ አሠራራቸው ግን መታረም አለበት።

አገልግሎቱን የሚሰጡት በቡድን የተደራጁ የከተማው ወጣቶች ናቸው። በሐይቁ ዳርቻ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሌሎችም ስላሉና የምለው አብዛኛው ነገር ሁሉንም ስለሚመለከት ስማቸውን አልጠቅስም። ጉዞው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከፍቅር ሐይቅ ይነሣና፣ የሐይቁ ውሃ ከፍ ሲል ከተማዋን እንዳያጥለቀልቅ ታስቦ በተሠራው ክትር ላይ እያለፈ፣ ዳርቻ ዳርቻውን ሄዶ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ያበቃል። መንገዱ ዝም ብሎ ለሚራመድ ሰው አጭር ነው፤ እኛ ግን እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ እየቆምንና እየተመለከትን ነው የጨረስነው፣ ይህም የክረምቱ ጉዞ የመጀመሪያው ጥቅም ነው። በበጋ አንድ አስጎብኚ ብዙ ሰው አስከትሎ ሲሄድ የፊተኛው ያየውን ወፍ የኋለኛው ሳያየው ይበራል። በዚያን ቀን ግን ከእኔ ሌላ የነበሩት ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ባልና ሚስት ብቻ ስለሆኑ፣ አንድ ቦታ ላይ የፈለግነውን ያህል ብንቆይ የሚያጣድፈን አልነበረም።

ሰዓቱ ማለዳ የሆነው ወፎች በማለዳ ስለሚንቀሳቀሱ ብቻ አይደለም። ሐዋሳ ከተማ የተቀመጠችው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ስለሆነ ጠዋት ወደ ውሃው የሚመለከት ሰው ፀሐይን ከጀርባው ያደርጋል፣ ብርሃኑም በቀጥታ ወፉ ላይ ያርፋል፤ የላባው ቀለም፣ የምንቃሩ ቅርጽ፣ የዓይኑ ዙሪያ ሳይቀር ይለያል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሐይቁ ማዶ ስለምትሆን ያው ወፍ ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ ይታያል፣ ነፋሱም ይነሣና ውሃው መናወጥ ይጀምራል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሆቴሎች ለእንግዶቻቸው የሚያቀርቡትን የአሥር ሰዓት «የወፍ ጉብኝት» ለወፍ ሲል ለሚመጣ ሰው አልመክርም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። በክረምት ደግሞ ስስ ደመና ስለሚኖር ብርሃኑ አያንጸባርቅም፣ ዝናቡም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ወይም በሌሊት ስለሆነ ማለዳው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው።

«ክረምት ወፍ የለም» የሚለው አነጋገር ምክንያት አለው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ዳክዬዎች፣ ሽመላዎችና በጭቃ ዳር የሚለቅሙት ባለ ረጅም እግር ወፎች በአብዛኛው በመስከረም አካባቢ መድረስ ይጀምሩና እስከ መጋቢት ቆይተው ይመለሳሉ፤ በሐምሌ እነርሱን መጠበቅ ከንቱ ነው። የዝርያ ዝርዝር ይዞ ባየው ቁጥር ምልክት እያደረገ ለሚሄድ ሰው ጉድለቱ ይሰማዋል። ይሁን እንጂ በአገራችን ከተመዘገቡት ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖሩ ናቸው፤ ከእነዚህም በርካታዎቹ ጎጆ የሚቀልሱትና ጫጩት የሚያሳድጉት ነፍሳቱና የሣር ፍሬው በሚበዛበት በዝናቡ ወቅት ነው። በበጋ የሚታየው ብዛት ነው፤ በክረምት የሚታየው ደግሞ ኑሮ ነው፣ እኔም ምርጫ ቢሰጠኝ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ጉዞው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ ደንገልና ፊላ ተቀላቅለው በበቀሉበት ጥግ ያየነው ነገር ነው። አስጎብኚው እጁን ከፍ አድርጎ አስቆመንና በውሃ አበባ ቅጠሎች ላይ የሚራመድ አንድ ወፍ አሳየን፤ ፊቱና የአንገቱ ፊት ነጭ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ወርቃማ፣ ቀሪው አካሉ ቀይ ቡናማ ሲሆን ግንባሩ ላይ ሰማያዊ ጋሻ የመሰለ ነገር አለው። የእግሩ ጣቶች ለሰውነቱ ፈጽሞ የማይመጣጠኑ ረጃጅም ናቸው፤ ክብደቱን በሰፊው ስለሚበትኑለት ቅጠሉ ዘንበል ይላል እንጂ አይሰምጥም። በስተኋላው ጫጩቶች ይከተሉታል። አስጎብኚው በዝግታ እንዳስረዳን፣ የዚህ ወፍ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ወደ ሌላ ወንድ ትሄዳለች፣ እንቁላሉን የሚታቀፈውም ጫጩቶቹን የሚያሳድገውም አባትየው ነው። ይህን እየተናገረ ሳለ አንድ ጭልፊት ከበላያችን ሲያልፍ አባትየው ክንፎቹን ገለጥ አድርጎ ጎንበስ አለ፣ ጫጩቶቹም ተሯሩጠው ሥሩ ገቡ፤ ቀና ብሎ ሲራመድ ከሥሩ ተንጠልጥለው የሚታዩት ረጃጅም እግሮቻቸው ብቻ ነበሩ። ሚስትየዋ ባሏን በክርኗ ጎሸም አድርጋ «አየህ አይደል?» አለችው፤ እርሱም ባይኖኩላሩን ከዓይኑ ሳያነሣ ዝም አለ።

ከዚያው ጥግ ሳንርቅ አስጎብኚው ለብዙ ደቂቃ ሲፈልግ የቆየውን ወፍ አገኘ። የውጭ አገር ተመልካቾች ሐዋሳ ሲደርሱ በቅድሚያ ከሚጠይቋቸው አንዱ የሆነው ይህ ትንሽ የውሃ ወፍ በእንግሊዝኛ ስሙ «ፒግሚ ጉዝ» (ድንክ ዝይ) ቢባልም ነገሩ ከዳክዬ ወገን ነው፤ በአፍሪካ ካሉት ዳክዬዎች ሁሉ ትንሹ ሲሆን ክብደቱ ከሩብ ኪሎ ብዙም አያልፍም። የወንዱ ፊት ነጭ፣ ምንቃሩ ደማቅ ቢጫ፣ ጎኑ ብርቱካናማ ነው፤ በአንገቱ ጎንና ጎን ያለው አረንጓዴ ክብ ነገር ብርሃን ሲያገኘው ያበራል። ምግቡ በዋናነት የውሃ አበባ ፍሬ ስለሆነ የውሃ አበባ በሌለበት አይገኝም፣ ከቅጠሎቹም መካከል እንዳይታይ አድርጎ መቀመጥ ያውቅበታል። እዚህ ላይ የአስጎብኚው ሙያ በግልጽ ታየኝ። ወፉን ካገኘው በኋላ እንኳ ወደ ፊት እንድንጠጋ አልፈቀደም፤ ባለንበት አጎንብሰን እንድንቆይ ካደረገ በኋላ ወፉ ራሱ እየበላ ወደ እኛ መጣ።

የአስጎብኚው ትልቁ ሀብት ግን ዓይኑ ሳይሆን ጆሮው ነው። ባልየው ለጠየቀው ጥያቄ መልስ ሊሰጥ ሲጀምር ድንገት ንግግሩን አቋርጦ «ጋሼ፣ አንዴ ዝም ይበሉልኝ፤ መጀመሪያ እንስማው» አለ፤ ከደንገሉ ውስጥ ጠላ ከእንስራ ሲንቆረቆር የሚሰማውን የሚመስል፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ድምፅ መጣ። ጭንቅላቱ ጥቁር ሰማያዊ፣ ክንፉ ቀይ ቡናማ፣ ጅራቱ ረጅምና ከባድ የሆነ፣ በረጃጅም ሣር ውስጥ እየተሸሎከለከ የሚኖር ወፍ ነው፤ ያለ አስጎብኚ ቢሆን ማንም ሰው አጠገቡ አልፎት ይሄዳል። አስጎብኚው ድምፁን ሰምቶ የት እንዳለ ከገመተ በኋላ በየትኛው ሸምበቆ ጫፍ ላይ ወጥቶ እንደሚቀመጥ ነገረን። በክረምት ማለዳ ላባቸው የረጠበባቸው ወፎች ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥተው ክንፋቸውን ዘርግተው ይሞቃሉና፣ እንዳለውም ወጣ። ከአንድ ሰፊ ልምድ ካለው ሰው ጋር መሄድ ማለት ይህ ነው፤ የምከፍለውም ለዚህ ነው።

ዓሣ በል ንስሩን ለማየት የአስጎብኚ እርዳታ አያስፈልግም። ነጭ ራሱንና ደረቱን ከሩቅ እያሳየ ከግራር ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ሲጮህም አንገቱን ወደ ኋላ ስለሚቆለምም ለድምፁ ባይሆን ለሁኔታው ሲባል መታየት አለበት። ጥቁርና ነጭ የሆነው ዓሣ አዳኝ ወፍም በየቦታው አለ፤ በአየር ላይ ባለበት ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ ቁልቁል ይመለከትና እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ሆኖም በዚያ ማለዳ ብዙ ጊዜ ባዶውን ሲመለስ አየነው፣ ምክንያቱንም አስጎብኚው ያስረዳበት መንገድ ጥሩ ነበር። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ስፋት ያለውና ጥልቁ ቦታው ከ20 ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ነው፤ ዋና ገባሩ ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ሲሆን በገሃድ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። በመሆኑም ከዙሪያው ኮረብታ ጎርፍ አጥቦ የሚያመጣው አፈር መሄጃ አጥቶ እዚያው ይቀራል፣ በክረምትም የዳርቻው ውሃ ይደፈርሳል፤ በዓይኑ አይቶ ለሚያድን ወፍ ደግሞ ድፍርስ ውሃ ማለት ራት ማጣት ማለት ነው። ባልየው ውሃው መውጫ ከሌለው ለምን ጨዋማ እንዳልሆነ ሲጠይቅ፣ አስጎብኚው ከሥር በመሬት ውስጥ እየሰረገ የሚሄድ መኖሩን ጠቅሶ አጭር መልስ ሰጠና ወደ ወፉ ተመለሰ። ከሚያውቀው በላይ ሊያወራ ያልሞከረ አስጎብኚ ብዙ አላጋጠመኝም።

ስለ ጎጆ ሠሪዎቹ ቢጫ ወፎች ብዙ መጻፍ ይቻላል። በውሃው ላይ ባዘነበለ የግራር ቅርንጫፍ ላይ ብዙ ጎጆዎች ተንጠልጥለው ነበር፤ ከፊሎቹ ገና አረንጓዴ፣ ከፊሎቹ ደርቀው የገረጡ። ወንዱ የሣር ቅጠሉን ቀድዶ ያመጣና በምንቃሩ እያጠላለፈ ይሠራል፣ ሲጨርስ ከጎጆው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ሴት ይጠራል። ሴቷ መጥታ ገብታ ትመረምራለች፤ ሳትወደው ከሄደችና ጎጆው ከደረቀ ወንዱ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። ይህን በበጋ የሚመጣ ጎብኚ የሚያየው ባዶ ጎጆ ሆኖ ነው። ከዚያ አለፍ ብሎ ባለው ረጅም ሣር ላይ ደግሞ በሌላው ጊዜ ከድንቢጥ የማይለዩ፣ በክረምት ግን ደማቅ ቀይና ጥቁር ላባ የሚለብሱ ትንንሽ ወፎች ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን ከሣሩ ጫፍ ሲያባርር ላባውን ነፍቶ ሁለት እጥፍ ሆኖ ይታይ ነበር።

በዳርቻው ካሉት የቆዩ ዛፎች ሥር ስናልፍ ትኩረቱ ከውሃው ወደ ላይ ዞረ። ሾላ ሲያፈራ የሚሰበሰቡት ትልልቅ ወፎች፣ ከምንቃራቸው በላይ ሌላ ምንቃር የተደረበባቸው የሚመስሉት፣ ክንፋቸው ሲንቀሳቀስ የሚያሰማው ድምፅ ከመታየታቸው በፊት ይደርሳል። ሴቷ እንቁላል ስትጥል በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ትገባና በሩ በጭቃ ይደፈናል፤ ወንዱ በጠባቧ ቀዳዳ በኩል ፍሬ እያቀበለ ይመግባታል። ሽንቁሩ ያለበትን ዛፍ አስጎብኚው ያውቀዋል፤ ነገር ግን ከሩቅ ካሳየን በኋላ «እዚህ ላይ ብዙ አንቆምም» ብሎ አሳለፈን፣ ትክክልም አድርጓል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኙት፣ የወንዶቹ ግንባር ቀይ የሆነ አጫጭር አረንጓዴ በቀቀኖችም በዚያው ነበሩ፤ ሲበሩ የክንፋቸው ሥር ጥቁር ሆኖ ይታያል። ጉሬዛዎቹ ሰው ስለለመዱ ቅርብ ናቸው፣ ነገር ግን የመጣነው ለወፍ ነውና እነርሱን አልፋቸዋለሁ።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። ከሁሉ የከፋው ለእንግዳ የሚሰጡት ባይኖኩላር ነው። አስጎብኚው ራሱ የያዘው ባለ 8 ማጉያና ባለ 42 ሚሊ ሜትር መስተዋት ጥሩ መሣሪያ ሲሆን፣ ለእኛ የታደለው ግን 10 በ25 የሚል የተጻፈበት ኪስ የሚገባ ትንሽ ዕቃ ነበር። ብዙ ሰው አሥር ከስምንት ስለሚበልጥ የተሻለ ይመስለዋል። ነገር ግን ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ስፋት የሚገኘው የፊተኛው መስተዋት መጠን ለማጉያው ሲካፈል ነው፤ የአስጎብኚው ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሰጥ የእኛ 2.5 ብቻ ይሰጣል። በጠራ ቀትር ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም፤ ንጋት ላይ፣ በደመና ሥር፣ ደንገል ውስጥ የተደበቀ ወፍ ሲፈለግ ግን የአንዱ ሥዕል ብሩህ፣ የሌላው ጨለማ ይሆናል። ማጉያው ከፍ ሲል የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል፣ የሚታየው ስፍራም ይጠባል፤ ስለዚህ ሚስትየዋ ትንሹን ዳክዬ በዕቃዋ ልታገኘው ስላልቻለች አስጎብኚው የራሱን ሊያውሳት ግድ ሆነ። ቡድኑ ሁለት ደህና ባለ 8 በ42 መሣሪያዎች ቢገዛ ለአገልግሎቱ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጥ ይጠቅመዋል። እስከዚያው የራሱ ያለው ሰው ይዞ ይሂድ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ በአሞራ ገደል የተደረገውን ይመለከታል። በዚህ ቦታ ዓሣ አጥማጆቹ ሌሊት ጥለውት ያደሩትን መረብ ይዘው በማለዳ ይደርሳሉ፤ ቆሮሶው፣ አምባዛው በየዓይነቱ ይለያል፣ ልጆች በሚያስደንቅ ፍጥነት ዓሣ ይበልታሉ፣ አባ ኮዳዎቹም ትርፍራፊ ለመጠበቅ በዙሪያው ይቆማሉ። ራሰ በራ፣ ከደረቱ ላይ ቀላ ያለ ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ቁመቱ ከልጅ የሚተካከል ይህ ወፍ በመልኩ ምስጋና ባያገኝም ያንን ሁሉ ሆድ ዕቃ ባይበላው ኖሮ ገበያው አጠገብ መቆም ባልተቻለ ነበር። እግሩ ነጭ የሚመስለው ወፉ ራሱ ስለሚያንጠባጥብበት ኩስ ነው፤ እርጥበቱ ሲደርቅ ሙቀት ይቀንስለታል። አስጎብኚው ይህን ሁሉ በሚገባ ነገረን። ችግሩ የመጣው ከቡድኑ የሆነ ሌላ ወጣት ዓሣ እየወረወረ ወፎቹን ሲያጋፋና «ፎቶ አንሡ፣ ፎቶ አንሡ» እያለ ሲያስጨንቀን ነው፤ ጥቂት ቆይቶም ለተወረወረው ዓሣ ሒሳብ ጠይቆ ተቀበለን። ገበያው በራሱ የሚጥለው ትርፍራፊ በቂ ነው፤ ለፎቶ ሲባል ወፍን ማጋፋትና ላልታዘዘ ነገር ገንዘብ መጠየቅ ሦስት ሰዓት ሙሉ የተሠራውን መልካም ሥራ ያበላሻል። አስጎብኚው አፍሮ ወጣቱን ወደ ጎን ወስዶ አነጋገረው፣ ገንዘቡም ተመለሰልን፤ ነገር ግን መጀመሪያውኑ ባይጠየቅ ይሻል ነበር።

ቁርስ በዋጋው ውስጥ አይካተትም፣ መካተትም የለበትም፤ እያንዳንዱ እንደ ፍላጎቱ ይብላ። ትኩስ የዓሣ ሾርባና በዳጣ የሚቀርበው የተጠበሰ ቆሮሶ ለማለዳ ብርድ ይስማማል። ጥሬ ዓሣ የሚወዱ ሰዎች አሉ፣ እኔ ግን አልደፍርም።

ስለ ዋጋ አንድ ግልጽ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። በክረምት ዋጋው ይቀንሳል፣ መደራደርም ይቻላል፤ ችግሩ በስልክ የሚነገረው ሒሳብ ለአንድ ሰው ይሁን ለቡድን በግልጽ አለመነገሩ ነው። እኔ ለብቻዬ የተነገረኝና ባልና ሚስቱ የተነገራቸው ሲነጻጸር አንድ ዓይነት አልነበረም፣ ይህንንም ያወቅነው በጉዞው መጨረሻ በጨዋታ መካከል ነው። የአሞራ ገደል የመግቢያ ክፍያ በውስጡ መኖር አለመኖሩም አልተነገረንም። ማንኛውም ሰው ከመነሣቱ በፊት ስንት ሰው፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ምን እንደሚያካትት በመልእክት አስጽፎ ይያዝ። በመጨረሻ የከፈልኩት ገንዘብ ለተሰጠኝ ሙያ በዝቷል አልልም፤ የከፋኝ አሠራሩ ነው።

ለመዘጋጀት ያህል ጥቂት ነገር ልጨምር። በክረምት የዳርቻው መንገድ ጭቃ ስለሆነ ቦቲ ወይም ውሃ የማያስገባ ጫማ ያስፈልጋል። ሐዋሳ ወባ ያለበት አካባቢ ስለሆነ ረጅም እጅጌና ሱሪ ይለበስ። ሐይቁ ቢልሃርዚያ ስላለበት ለፎቶ ሲባል እግርን ውሃ ውስጥ መንከር አይገባም፤ አስጎብኚው ይህን ሳይጠየቅ ማስጠንቀቁን ወድጄለታለሁ። ጉማሬዎች ሌሊት በየብስ ላይ ሣር ግጠው ንጋት ላይ ወደ ውሃው ይመለሳሉና፣ ብርሃን ሳይወጣ ያለ አስጎብኚ በደንገሉ ጥግ መንቀሳቀስ ቀልድ አይደለም። ደማቅ ነጭ ወይም ቀይ ልብስ ወፎቹን ያርቃል፤ ግራጫና ቡናማ ይሻላል። ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሦስት ሰዓቱን በዝምታ መጨረስ ስለሚከብደው፣ ከዓሣ ገበያው ወደ ኋላ አጠር ያለ ጉዞ እንዲዘጋጅለት ቢጠይቅ ያገኛል።

በጀልባ የሚደረግ አማራጭም አለ፣ በየመሐሉም ያቀርቡልናል። ንስሮቹን በቅርብ ለማየት ጀልባው ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሞተሩ ደንገል ውስጥ ያሉትን ወፎች ስለሚያስበረግጋቸው ለዚህ ዓይነቱ ምልከታ በእግር መሄድ ይበልጣል። በጀልባ የሚፈልግ ሰው ሞተር የሌለውን ታንኳ ይጠይቅ።

ቀጠሮ የሚይዝ ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ይጠይቅ፦ የሚመጣው ወፎቹን የሚያውቀው አስጎብኚ መሆኑን። በዚያ ቡድን ውስጥ ወፍን በድምፁ የሚለየው እርሱ አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱ ሲታመም ወይም ሌላ ሥራ ሲይዝ የሚላኩት ሌሎቹ ጥሩ ጀልባ ነጂዎችና ጨዋታ አዋቂዎች ናቸው፣ ነገር ግን ንስሩንና አባ ኮዳውን ካሳዩ በኋላ ሥራቸው ያበቃል። እርሱ የማይገኝ ከሆነ ቀኑን ማዛወር ይሻላል፤ በክረምት ባዶ ቀን አይጠፋም።